ለእንግሊዙ የነፋሁት ጡሩምባ

በ1972 ዓ.ም. አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ፣ በመጋዘን ግቢ ውስጥ ቡና አስጪ ነበርኩ። ጠዋት ጤዛው ሲለቅ ሸራውን እገልጣለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ቡናውን አገላብጣለሁ፣ ወደ ማታ መልሼ አለብሳለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ከከምባታ የመጣሁት በጉርምስናዬ ከለቃሚዎች ጋር ነው። እነሱ ለቀማው ሲያልቅ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ።

ሚስት አላገባሁም። ከግቢው ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ነበረችኝ፤ ከሥራ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ አለቀ። ጸሎት ቤታችን በዚያ ጊዜ ታሽጎ ስለነበር እሁድም እንደ ማክሰኞ ነበር የሚያልፈው። ሰው አይጠላኝም ነበር፤ ብቻ ደረቁ ወዳጆ ነው የሚለኝ። አንድ ነገር ካልኩ አልመለስም። ስከራከር አልጮህም፣ ግን አልነቃነቅም።

ሌላም ሥራ ነበረኝ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። እድራችን እስላም ክርስቲያን ሳይል ከተማውን ሁሉ የያዘ ነው፤ ዳኛው አባ ቡልጉ የሚባሉ የቡና ገበሬ ነበሩ። ሰው ሲሞት እሳቸው ያዙኛል፣ እኔ በማለዳ ተነስቼ መንገድ ለመንገድ እየዞርኩ እነፋለሁ። ከዚያ የሟቹን ስም፣ የማን ዘመድ እንደሆነና ድንኳኑ የት እንደተተከለ እጣራለሁ። አንድ ደንብ ነበረን፤ ጡሩምባ ነፊ ለራሱ ዘመድ አይነፋም። ሐዘንተኛ ሰው ተቀምጦ ይጽናናል እንጂ እየዞረ አይጣራም። ለሱ ሌላ ሰው ይነፋለታል።

በዚያ ዓመት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኛም ጋ ደረሰ። የተላከችልን አስተማሪ ሰናይት የምትባል ከአሰብ የመጣች ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ፣ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላት የማትመስል። እኔ ፊደል ለመቁጠር ፈቃደኛ አልነበርኩም። በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል አልኳት። እሷም ክርክር አልገጠመችኝም፤ ክፍሉን አምጥታ እኔው ያለሁበት መጋዘን ጥላ ሥር አደረገችው። ቡናዬን ትቼ የት እሄዳለሁ? ሳልወድ ሀሁ ገባኝ።

ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ሴቶቹ ጭንቁሩን፣ የተበላሸውን ቡና ሲለቅሙ፣ እኔ ሸራ ሳስተካክል፣ አስተማሪዋ ከቦርሳዋ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ታወጣለች። የእንግሊዝ አገር መጽሐፍ ነው። አባቷ በአሰብ ወደብ ጭነት ተቆጣጣሪ ስለነበሩ አንድ መርከበኛ ትቶላቸው ሄዶ ነው አለች። እንግሊዝኛውን በዓይኗ እያየች በአማርኛ ታወራልን ነበር። አማርኛ ለከበደው ሰው አባ ቡልጉ በኦሮምኛ ይተረጉሙለታል፣ ሲተረጉሙም የራሳቸውን ይጨምራሉ።

መጽሐፉ ስለ መርከብ ነው። ደራሲው ለልጆች እንደጻፈው ነግራናለች። እኛ ልጆች አልነበርንም፤ ግን ባሕር የሚባል ነገር ያየ ከመካከላችን ማንም አልነበረም፣ ስለዚህ ልክ ነበር። እንጨት ልትጭን የሄደች መርከብ በማዕበል ትሰበራለች። ሦስት ሰዎች አንዲት ጠፍ ደሴት ላይ ይወድቃሉ፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ክፉ ወጥ ሠሪ፣ አንድ ደግሞ እግሩ የሚያነክስ ሽማግሌ ሸራ ሰፊ። ሸራ ሰፊው ከማንም አይነጋገርም። የሁሉንም ልብስ ይጠግናል፣ ማታ ብቻውን ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እኔ እሱ ሲመጣ እጄ ሥራ ያቆም ነበር።

ጥያቄ አይጣል ነው። ውኃው ጨው ከሆነ ከብቱ ምን ይጠጣል? ካፒቴኑን የመረጠው ማነው? አንዷ ሴት፣ እነዚህ ሰዎች መሬት አጥተው ነው ወይስ ሚስት አስመርራቸው ነው ውኃ ላይ የወጡት ብላ መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። አባ ቡልጉ ደግሞ ደራሲውን እንደ ጎረቤት ነበር የሚወቅሱት። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ቸኮለ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ዋሸ ይላሉ። ስሙን አስተማሪዋ ደጋግማ ነግራናለች፣ ምላሳችን አልያዘውም። እንግሊዙ እንለው ነበር። እንግሊዙ ነገ ምን ይለን ይሆን እንላለን ስንለያይ። እኔ ቤቴ ገብቼ በር ከዘጋሁ በኋላም የሰውዬው ወሬ አብሮኝ ይገባል። ከብዙ ዓመት በኋላ ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ የገባው ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፉ አለቀ። ልጁና ወጥ ሠሪው በትንሽ ጀልባ ከደሴቷ ይወጣሉ። ጀልባዋ ከሁለት ሰው በላይ ስለማትይዝ ሸራ ሰፊው ይቀራል። ልጁን አንድ መርከብ ያነሳዋል። ሸራ ሰፊው ምን እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይናገርም።

ከዚያ አባ ቡልጉ፣ ይሄማ አይሆንም አሉ። ሰውን ደሴት ላይ ትቶ ወሬ መጨረስ ምን የሚሉት ነው? አስተማሪዋ ለእንግሊዙ ደብዳቤ ትጻፍልንና የሽማግሌውን ነገር እንጠይቀው አሉ። ሁሉም ተስማማ። አንዱ እሱም ሰላም ብሎሃል በይልኝ አለ፣ ሌላዋ ለሚስቱም አለች።

አስተማሪ ሰናይት መጽሐፉን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

“አባ፣ ሞቷል እኮ” አለች።

እሷ ቀስ ብላ ቀጠለች። ከመጽሐፉ ፊት የደራሲው ታሪክ እንዳለ፣ በመጨረሻው ታሞ እንደነበር፣ ሐኪም ፀሐይ ያለበት አገር ሂድ ብሎት ወደ ሰው አገር እንደሄደ ነገረችን። ቋንቋውን በማያውቁ ሰዎች መካከል፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ። አሁን ሳስበው የአባቷን ነገር እያሰበች ይሆናል። ከአሰብ ደብዳቤ ከመጣላት ቆይቶ ነበር። ያኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የገባኝ። አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ እያለቀሰች እገሌ ሞቷል ካለች ያ መርዶ ነው። መቼ እንደሞተ አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅንም። ትናንት ያወራን ሰው መቼም ድሮ ሞቷል ብሎ የሚያስብ የለም።

ሰዉ እያዘነ ተበተነ። አባ ቡልጉ ሶላት ደርሶባቸው ሄዱ። እኔ ቡናውን አለበስኩና ገባሁ።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያ ሰውዬ አንድ ወቅት ሙሉ ከኛ ጋር ሲያመሽ ከረመ። በሰው አገር፣ ቋንቋውን ከማይሰማ ሰው ጋር፣ በኪራይ ክፍል ሞተ። የቀበሩት ሰዎች ስሙን እንኳ መጥራት አይችሉ ይሆናል። ማን አለቀሰለት? አባ ቡልጉ ሳያዙኝ መንፋት ደንብ አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን መርዶ ሰምቶ ዝም ማለትም ደንብ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ጡሩምባዬን ይዤ ወጣሁ።

ነፋሁ። ከገበያው እስከ ወፍጮው፣ ከወፍጮው እስከ መስጊዱ ዞርኩ። “የአስተማሪ ሰናይት ሰው፣ የመርከቡ እንግሊዝ፣ በሰው አገር አርፏል፤ እድርተኛ የሆንክ ሁሉ ወደ አስተማሪዋ ቤት!” ብዬ ተጣራሁ። መርዶውን ያመጣችው እሷ ስለሆነች የሐዘኑም ባለቤት እሷ ናት ብዬ ነው። ክፍል የሚማሩት ወዲያው ገባቸው። የማይማሩት ደግሞ የአስተማሪዋ ዘመድ የሆነ ፈረንጅ ሞተ ብለው ወጡ። በኛ አገር ጡሩምባ ከተነፋ ማንነቱ ለቅሶ ቤት ከደረሱ በኋላ ነው የሚጠየቀው።

እኔ ዞሬ ስደርስ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶውን ጀምረዋል። አስተማሪ ሰናይት በሩን የከፈተችው በዚያ ጩኸት ነው።

እኔ ያንን ፊት እስክሞት አልረሳውም። በሩን ይዛ ቆመች። ግቢው ሙሉ ሰው፣ ድንኳን፣ ደረቱን የሚመታ፣ ሁሉም ወደሷ እያየ። በማለዳ ሰው ሰብስቦ በር ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አሰብም ቢሆን ያውቁታል። አንድ ቃል እስክንናገር አልጠበቀችም።

“አባዬ!” ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ለቅሶው ባሰ። ያቅፏታል፣ እሷ ትወራጫለች፣ አባዬ አባዬ ትላለች። እኔ ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ ጡሩምባዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያደረግኩት ነገር ያኔ ገባኝ። በሕይወት ላለ አባት ልጁን እያስለቀስኩ ነው። ሰዉን በክንዴ እየገፋሁ ገባሁና ፊቷ ተንበረከክሁ።

“አስተማሪ! አባትሽ አይደሉም! እንግሊዙ ነው፣ እንግሊዙ ነው የሞተው!”

አልሰማችኝም። ትከሻዋን ይዤ ደግሜ ነገርኳት። ቀና አለች። ፊቷ አፈር ነክቶታል።

“የቱ እንግሊዝ?”

“የመጽሐፉ። ትናንት የነገርሽን።”

አየችኝ። ድንኳኑን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ የኔን ጡሩምባ አየች። ከዚያ አንድ ድምፅ ከውስጧ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልለየሁም። እጄን ይዛ፣ “ጋሼ ወዳጆ፣ ምን አደረጉኝ?” አለች።

መልስ ሳልሰጣት የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ታጣቂ ጥበቃዎች አስከትሎ ደረሰ። ሊቀመንበሩ የከተማው ልጅ ነው፣ ከኔ በዕድሜ ያንሳል። በዚያን ጊዜ ቀበሌ ሳያውቅ ሰው መሰብሰብ ምን እንደሆነ ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

“ማን ነው የሞተው?” አለ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ከኋላ፣ እንግሊዝ ነው አለ።

“የት?”

ባሕር ማዶ ተባለ።

“መቼ?”

አሁን ሁሉም ወደ አስተማሪዋ ዞረ። እሷ ከመሬት ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ትዋሻለች ብዬ ነበር። አልዋሸችም።

“ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል” አለች።

ድንኳኑ ጉምጉምታ ሆነ። አጠገቤ ከሁሉ ይልቅ ስታለቅስ የነበረች አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጠርጋ ለጎረቤቷ በኦሮምኛ፣ “ታዲያ እስካሁን ለምን ደበቁን?” አለች።

እኔም መቶ ዓመት መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። ግን ዕውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሐዘኑ አልቀነሰልኝም።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የኢምፔሪያሊስት አገር ሰው፣ የመቶ ዓመት ሬሳ፣ ሕዝብ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሥራ ተፈቶ፣ ቡና ሳይገለጥ፤ ይሄ ለቅሶ አይደለም፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው አለ። ከዚያ ወደሷ ዞሮ ከአሰብ ነው የመጣሽው አይደል አላት። አዎ አለች። ከሰሜን ጠረፍ የመጣ ሰው በዚያ ዓመት እንዴት እንደሚታይ እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። መጽሐፉን አምጪ አላት፤ አመጣችለት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገው፣ የመርከቡን ሥዕል አየ፣ ዘጋው።

“ልብስሽን ያዢ፤ ጅማ ወርደሽ ትጠየቂያለሽ” አላት።

ጅማ ወርደው የተጠየቁ ሰዎችን እናውቃለን። አንዳንዱ ተመልሷል። የአንዳንዱን ጡሩምባ እኔው ነፍቻለሁ፣ የአንዳንዱንም እንዳልነፋ ተከልክያለሁ። አንደኛው ጥበቃ ወደ በሩ ሲራመድ መሐል ገብቼ ቆምኩ።

የነፋሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ተኝታ ነበር፣ የሆነውን የሰማችው እንደናንተው አሁን ነው አልኩ።

“ማን አዘዘህ?”

“ማንም።”

“ማንም ሳያዝህ ጡሩምባ ይነፋል?”

“ሰው ከሞተ ይነፋል።”

“ወዳጆ፣ ድርቅናህን ለቡናህ አድርገው” አለኝ። “ለቅሶ ሐዘንተኛ አለው። የዚህ ለቅሶ ሐዘንተኛ ማነው? እሷ ናት?”

“እኔ ነኝ።”

“ምንህ ነው?”

ምኔ ነው? ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አስተማሪዋ በቃ ጋሼ ተዉ ትለኛለች በዝግታ። እኔ የመጣልኝን ተናገርኩ።

“በሰው አገር ብቻውን ሞተ። እኔም በሰው አገር ነኝ” አልኩ።

ሊቀመንበሩ ይሄ ዝምድና አይደለም አለ። ልክ ነበር፣ ዝምድና አይደለም። ጥበቃው ሊያልፈኝ ሲል ከድንኳኑ አፍ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ቡልጉ ናቸው። ከእርሻቸው ሲመጡ ዘግይተው ነበር፤ የእግራቸው ጭቃ ገና አልደረቀም። ለሊቀመንበሩ ሰላምታ ሰጡ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። ከዚያ እሱን ትተው ወደኔ መጡ።

“ኦቦ ወዳጆ” አሉኝ፣ “እናትህ በሕይወት አሉ?”

ምን አገናኘው? አልኩ በልቤ። የሉም አልኳቸው።

“መቼ ሰማህ?”

ስንት ዓመት ሆኖት ነበር። ጅማ ገበያ ውስጥ አንድ ያገሬ ሰው አግኝቶኝ፣ እናትህ ካረፉ ቆዩ እኮ አልሰማህም አለኝ፤ ከዚያ የቅቤ ዋጋ ጠየቀኝ። እዚያው ተለያየን። ተመልሼ መጥቼ ቡና ሳገላብጥ ዋልኩ። ይህን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ተናገርኩ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

“ለእድሩ ለምን አልነገርክም?”

“ለማን ልንገር? ነፊው እኔ ነኝ።”

“ለሐዘን ተቀምጠሃል?”

“አልተቀመጥኩም።”

አባ ቡልጉ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

“ልጄ፣ የአባትህን ጡሩምባ የነፋው ይሄ ሰው ነው። የዚህን ከተማ ሙት ሁሉ ተጣርቷል። ለእናቱ ግን የተጣራለት የለም፣ እኛም አልጠየቅነውም። በደንባችን የእድርተኛ እናት ስትሞት፣ ወሬው ቢዘገይም፣ ድንኳን ይተከላል፤ ቀበሌም ያውቀዋል። ድንኳኑ ይኸው ተተክሏል። ሟች አለ፣ ሐዘንተኛው ይኸው። የጠራን በሌላ ስም ነው፤ ለራሱ መጣራት ደንብ ስላልሆነ። ወላሂ ከዚህ ሌላ ነገር የለውም። የሞተችው የወዳጆ እናት ናት።”

ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ። ያባቱ ቀን ትዝ ብሎት ይሁን ሌላ አላውቅም። አስተማሪዋ ልብሷን በቦርሳዋ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

“እውነት ነው?” አለኝ።

“እውነት ነው” አልኩ።

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ድንኳኑ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሂዳ” አለ። ለአስተማሪዋ፣ ክፍልሽን ቀጥይ፣ ከፊደሉ ውጭ ግን ምንም እንዳታነቢ አላት። መጽሐፉን ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። የቀበሌው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ወንዶቹ ድንኳኑን ነቅለው ተሸከሙት፣ ሴቶቹ ሰሌኑን ጠቀለሉ፣ ወደኔ ቤት ሄድን። በዚያች በር ከኔ በቀር ሰው ገብቶ አያውቅም ነበር። ሴቶቹ ገብተው የምቀመጥበትን አዘጋጁ፣ አንዷ ጭስ ያጠቆረውን ግድግዳዬን አይታ ምን ያለ ቤት ነው ብላ አጉረመረመች። አባ ቡልጉ ወደ ድንኳኑ ወስደው አስቀመጡኝ። ከዚያ አንድ ወጣት የኔን ጡሩምባ ይዞ ወጣ፤ ሲነፋ አይችልበትም፣ ድምፁ ይሰባበርበታል። የእናቴን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ያ ወጣት በዚያች ከተማ መንገድ ላይ፣ እኔ ሳልሆን፣ የእናቴን ስም ሲጣራ ሰማሁ።

መጀመሪያ አላለቀስኩም። ሰው እየገባ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ ይለኛል፣ እኔ አሜን እላለሁ። አስተማሪ ሰናይት መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሴቶቹ እናቴን ሳያውቋት አንቺ የሩቅ አገር እናት እያሉ ማልቀስ ሲጀምሩ ግን የሆነ ነገር ተበጠሰ። የስንት ዓመት እንደሆነ የማላውቀውን አለቀስኩ። አስተማሪዋም ታለቅስ ነበር። ማን ለማን እንዳለቀሰ እዚያ ድንኳን ውስጥ የሚለይ አልነበረም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ተቀይሮ ሀብታም ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ እንድላችሁ ከጠበቃችሁ እንደዚያ አልሆነም። ያችው ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። የተቀየረው ይህ ነው። ከዚያ በፊት ብቻዬን መሆኔን እንደ ራሴ ጥፋት አድርጌ እደብቀው ነበር። ከዚያ በኋላ አልደበቅኩም። ለለቀማ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሰው ሳይ አሁን እጠይቀዋለሁ። እናት አለህ? አባት አለህ? ማን ሞተብህ? ተቀምጠሃል? አንዳንዱ ምን አገባህ ይለኛል። እጠይቀዋለሁ። ያልተቀመጠ ሲገኝ ለእድሩ እነግራለሁ፣ እንቀመጥለታለን። አባ ቡልጉ በሕይወት ሳሉ ይህን ደንብ አድርገው አለፉ፤ የሳቸውንም ጡሩምባ እኔ ነፋሁ።

አስተማሪ ሰናይት የዘመቻው ጊዜ ሲያበቃ ሄደች። ስትሄድም ከአባቷ ወሬ አልነበራትም። በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጣ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም። የምታውቋት ካላችሁ ንገሩኝ።

ስለ እንግሊዙም ብዙዎች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ለአገሩ ልጆች የጻፈው ወሬ እኛ ጋ ድረስ መጥቶ አምሽቶብናል። መቶ ዓመት አልፎት ቢሆንም እኛ የሰማነው ያኔ ነው፤ ሰው ለቅሶ የሚደርሰው በሰማ ጊዜ ነው። ወደ አገሩ የሚሄድ ቢኖር፣ እዚህ ከጅማ ወዲያ አንድ ማለዳ ተለቅሶለታል በሉልኝ።

የለቅሶው ማግስት ጠዋት ላይ የነበረውን ነግሬያችሁ ላብቃ። ያደሩት ወንዶች ቡናውን ሊገልጡልኝ ሄደው ድንኳኑ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አንዲት አሮጊት ዱላ ይዘው ከኮረብታው ወረዱ፤ ኣዴ ፋጡማ ይባላሉ፣ ትምህርት ቤታችንን አያውቁትም፣ አማርኛም አያውቁም። ከትናንት ጀምሮ ሲወርዱ ነው የደረሱት። ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። የሞተው ማነው ልጄ፣ አንዱ እናቱ ይላል፣ አንዱ የባሕር ሰው ነው ይላል አሉኝ በኦሮምኛ።

ሁለቱም ናቸው አልኳቸው።

መጀመሪያ ለእናቴ አለቀሱ፣ እንደሚገባው። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው፣ “የባሕሩስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነበር?” አሉኝ።

መጽሐፉ ቀበሌ ተቆልፎበታል። አስተማሪዋ ክፍል ናት፣ ብትኖርም ማንበብ ተከልክላለች። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ከጡሩምባ ጥሪ የረዘመ ነገር ለሰው አውርቼ አላውቅም። በርጩማዬን ለሳቸው ሰጠሁ፣ እኔ ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ፤ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።

“መርከቧ ከወደብ የወጣች ቀን” አልኳቸው፣ “ምንም ነፋስ አልነበረም።”